ከእናንተ የባሰበት ማን አለ?

በውኃ አገልግሎታችን አንድ ልማድ አለ። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት ለአዲስ ተቀጣሪዎች ስለ ሥራ ዘመኑ ያወራል። አዳራሽ የለንም። ዕቃ ግምጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው የሚወራው። አዲሶቹ የተከመረው ቧንቧ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጡረተኛው ይቆማል፣ ለስላሳ ይታደላል፣ በቃ። የወንድሜ የደረጀ ተራ ከመስቀል በኋላ ነበር። አልደረሰም። ክረምቱ ሳይወጣ ኩላሊቱ ጣለው።

ስለዚህ የምጽፈው እኔ ነኝ። ለሚ እባላለሁ። ታናሽ ወንድሙ ነኝ፤ እጁ ላይ ነው ያደግሁት፤ ሥራም በእሱ ሥር ነው የጀመርኩት። እሱን ሁሉም «ኦቦ ደረጀ» ይለዋል። እኔ ጋሼ ነበር የምለው።

ጻፍ ያሉኝ ኃላፊያችን ወይዘሮ ጫልቱ ናቸው። ለቅሶ ቤት መጥተው ወንበር ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለሚ፣ የኦቦ ደረጀ ተራ አይዘለልም» አሉኝ።

«እኔ እኮ ከማመልከቻ ሌላ ጽፌ አላውቅም። ከአሥራ ሁለተኛ በላይም አልተማርኩም» አልኳቸው።

«ማመልከቻ ከቻልክ በቂ ነው። የሆነውን ትጽፋለህ፣ የምትፈልገውን ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ።»

የሆነውን እጽፋለሁ። የምፈልገውን ግን ገና አላውቅም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ማስቀደም አለብኝ። ጋሼ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ የጠየቀኝ ጥያቄ አለ። ፊቱ አብጦ ነበር፤ ሲያወራም ይደክመዋል። ስለ ልጆቹ ያወራኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ለሚ፣ ያ የጀመርነው ነገር» አለኝ። «አሠራሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«እንዴት ማለት?»

«እኔ ከሄድኩ በኋላ ከቀረ አሠራር አልነበረም ማለት ነዋ። የእኔ ጠባይ ነበር ማለት ነው። ጠባይ ደግሞ ከሰው ጋር ይቀበራል።»

«አሁን አርፈህ ተኛ» ብዬ ትራሱን አስተካከልኩለት። ያ የጀመርነው ነገር ያለው ምን እንደሆነ ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት ይኖርብኛል።

ጋሼ ሥራ የጀመረው ቡራዩ ነው። ቤተሰባችን ገበሬ ነው። የገፈርሳን ግድብ ከደጃችን እያየን ውኃ የምንቀዳው ከምንጭ ነበር። የገፈርሳ ውኃ በአጠገባችን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። ጋሼ ሲቀልድ «ውኃ እንደ ሚኒባስ ነው፤ ሞልቶ ሲያልፍህ ታየዋለህ» ይል ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሚያልፈው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይፈልግ ነበር።

የሚያፈስ ቧንቧ ፍለጋ የሚሠራው ጎህ ሲቀድ ነው፤ መኪና ሳይበዛ። ጋሼ የብረት ዘንጉን አንድ ጫፍ ቫልቩ ላይ ያቆማል፤ ሌላውን ጫፍ ከጆሮው ፊት ያለው አጥንት ላይ ያስደግፋል። ከዚያ አፉን ትንሽ ይከፍታል። አፍህን ከዘጋህ የራስህ ደም ድምፅ ያታልልሃል ይላል። ጤነኛ ቧንቧ ከሩቅ እንደሚያልፍ ነፋስ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ግን የጋለ ዘይት ላይ እንደ ወደቀ ሽንኩርት ይንሿሿል። በበጋ ደግሞ ብቻውን የለመለመ ሣር ካየ እዚያ ይቆማል። እንቁራሪት ከሰማም ይቆማል።

መጀመሪያ ዘንጉን ለእኔ የሰጠኝ ቀን ብዙ አዳመጥኩ።

«ምን ሰማህ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ጎበዝ። ሰማሁ ብትለኝ ኖሮ ወደ ቤት እልክህ ነበር። ይኼ ቧንቧ ተቆርጦ የተተወ ነው፣ ውኃ የለውም።»

ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ ተዛወረ። ያኔ አንድ ቧንቧ ፈነዳ የሚል አቤቱታ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ወደ ኃላፊ ይሄዳል፣ ወደ ቴክኒክ ይመራል፣ ለዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ይመራል፣ ከዚያ ለእነ ጋሼ ይደርሳል። ወረቀቱ ሲደርስ ሰፈሩ ረግረግ ሆኗል። በኋላ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው መጣ። አሠልጣኙ በየክፍሉ መካከል ያለው ግድግዳ ይፍረስ አለ። ጋሼ ሳቀ። «ለውጥ ማፍረስ ከሆነ እኛ በየቀኑ አስፋልት እናፈርስ የለ እንዴ!»

ግድግዳው ፈረሰ። ጠዋት የመጣ አቤቱታ ከምሳ በፊት እነሱ ዘንድ መድረስ ጀመረ። ጋሼ ሳቁን ተወና ይህ ነገር ለምን ሠራ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር፤ ነገር ሲበላሽም ሲስተካከልም እኩል ይገርመዋል። አንድ ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ጥግ ላይ እየተቀመጠ ቢሮውን ሲመለከት እንደ ሰነበተ ነግሮኛል። ያገኘው መልስ ይህ ነው፦ «ድሮ ግምጃ ቤት ያለው ሰውዬ ወረቀት ነበር የሚያየው። አሁን አቤት የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ይሰማል። ወረቀት ነገ ና ይባላል፤ የሚጮህን ሰው ነገ ና ማለት ይከብዳል።»

እኔ የተቀጠርኩት ጋሼ ተዛውሮ በሚሠራበት ሰበታ ነው፤ በቀን ሠራተኛነት፣ ቁፋሮ ላይ። ከእኔ ጋር ማርቆስ ነበር። ከወላይታ የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ቧንቧ ላይ የቀረ፣ እየቆፈረ መዝሙር የሚዘምር ልጅ ነው። ያኔ የነበረው ለውጥ ካይዘን ነው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርፅ ግድግዳው ላይ በቀለም ተሣለ፤ መሣሪያው በቅርፁ ላይ ይሰቀላል፤ ባዶ ቅርፅ ካየህ የጎደለው ታወቀ ማለት ነው።

«ይህንን ለሚስቴ እንዳትነግሯት» አለ ማርቆስ። «የእኔንም ቅርፅ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሥላ ስትጠብቅ ታመሻለች።»

ስለ ደመወዝ አልጽፍም። ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። የሆነው ከሦስቱ ከተሞች በአንዷ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም፤ ሰዎቹ እዚያው አሉ። ጋሼ በሦስቱም እየተመላለሰ ስለሠራ ማንም መገመት አይችልም። እዚያ ጋሼ የቡድን መሪ ሆነ፤ እኔና ማርቆስም አብረነው ሄድን።

በዚያ ጊዜ ሥራ በነጥብ ሆኖ ነበር። አንድ ቧንቧ የጠገነ ቡድን ነጥብ ያገኛል። ማታ ማታ አንድ ለአምስት ተሰብስበን እንገማገማለን። ብዙ የጠገነ ይጨበጨብለታል። እኛም ጠገንን። ግን ሰው ብልጥ ነው። አሮጌውን ቧንቧ ቆርጦ አዲስ መቀየር ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስንጥቁን ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠምጥሞ በሽቦ ማሰር ግን ሻይ እንደ መጠጣት ነው። ላስቲኩ በሳምንቱ ይለቃል። ይልቀቃ! እንደገና ይጠገናል፣ እንደገና ነጥብ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንድ ስንጥቅ ነበረች። ሁሉም ቡድን በየተራ ያስራታል።

«ይቺ ስንጥቅ እኮ ጡረታ ታወጣኛለች» ይል ነበር ማርቆስ።

መሥሪያ ቤቱ ተሸለመ። ሰዉ ውኃ አጣ።

ወይዘሮ ጫልቱ ኃላፊ ሆነው የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። የተማሩ ናቸው፤ አላውቅም ማለትን ግን አያፍሩበትም፤ ያልገባቸውን አልገባኝም ይላሉ። ጋሼን ጠሩት።

«ኦቦ ደረጀ፣ የሚጠገነው በየወሩ ይጨምራል። ውኃው በየወሩ ያንሳል። ይህን የሚያስረዳኝ አጣሁ።»

«እኔም ማስረዳት አልችልም፤ መስመሩን ተከትለን እንሂድና እንየው» አላቸው።

እዚህ ላይ የጋሼን አንድ ልማድ ልናገር። እሱ ከነጥቡ በፊትም በኋላም ቧንቧ ጠግኖ ወዲያው አይመለስም። መስመሩን ተከትሎ በእግሩ ወደ ታች ይሄድና መጨረሻ ያለውን ቤት ያንኳኳል። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ አየር ነው የሚወጣው፣ ትፍ ትፍ እያለ። ቀጥሎ ዝገት። ያ በባልዲ ይጠራቀማል፣ ለወለል ማጠቢያ ይሆናል። ሲጠራ ብርጭቆ ይለምንና ይጠጣል። በኪሱ ኩባያ ይዞ መሄድ ይችል ነበር። አንድ ቀን ለምን አትይዝም አልኩት። «ብርጭቆ የሰጠህ ሰው ወሬም ይሰጥሃል» አለኝ።

ያን ቀንም ከወይዘሮ ጫልቱ ጋር አራት ሆነን ወረድን። የመስመሩ የመጨረሻ ቤት የአዴ ብርቄ ነው። ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ባዶ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብሎ ሰላም አላቸው ጋሼ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ኮቱ፣ ግባ። ዛሬ ደግሞ ሰው አብዝተሃል፤ ለሽምግልና ነው?»

«ውኃው መጣ ወይ ብለን ነው።»

«ቢሻን ሂንዱፍኔ!» አሉና ሳቁ። አልመጣም ማለታቸው ነው። «እናንተ ላይ ቤት የጠገናችሁ ቀን ነው የማይመጣው። መኪናችሁን ሳይ ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ምንጭ እሄዳለሁ።»

ወይዘሮ ጫልቱ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አንድ በአንድ ቆጠሩ። በሳምንቱ ነጥቡን ቀየሩት። እያንዳንዱ ቡድን ለዓመት ሙሉ አንድ መስመር ተሰጠው። ያው ቧንቧ ደግሞ ቢፈነዳ ዕዳው የራሱ ነው። ሥራ አለቀ የሚባለው ደግሞ የመጨረሻው ቤት ውኃ ሲደርሰው ነው።

ጋሼ ተከራከራቸው። «ወይዘሮ ጫልቱ፣ ሰው መስመር ሲሰጡት የራሱን ብቻ ነው የሚወደው። የጎረቤት መስመር ሲፈስ እያየ ያልፋል።»

«ያልፍ ይሆናል» አሉ። «አሁን ግን የራሱንም እያለፈ ነው።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ላስቲክ ጠፋ። ማርቆስ የትምህርት ቤቷን ስንጥቅ ቆርጦ ሲያወጣት «ደህና ሁኚ እናቴ» ብሎ ሳማት። ሌላው ቡድን ደግሞ በእኛ በኩል ሲፈስ እያየ የመኪናውን መስኮት ዘግቶ ማለፍ ጀመረ። ቢሆንም ውኃው ተሻለ። አዴ ብርቄ ቤት በየፈረቃው ይደርሳል።

ከዚያ በጋ ገባ፣ ውኃው ቀነሰ።

ይህን ክፍል መጻፍ ከብዶኝ ሁለት ጊዜ ተውኩት። ውድቀቱ የጋሼ ነው። የመጨረሻው ቤት ውኃ እንዳያጣ ብሎ ከመስመሩ መሀል ወደ ጎን የሚገነጠለውን መስመር ቫልቭ በገዛ እጁ ጥቂት አጠበበው። ለነጥቡ ብሎ አልነበረም፣ ይህን እኔ አውቃለሁ። አዴ ብርቄን ስለሚያስብ ነው። በዚያ የጎን መስመር ላይ ግን ጤና ጣቢያ አለ። ከእኛ ማንም አላስታወሰም። የጤና ጣቢያው ሮቶ ውስጥ ያለው ውኃ እስኪያልቅ ድረስ እነሱም አላወቁም።

ያለቀው ሴት እየወለደች ሳለ ነው። አዋላጇ ጓንቷን እንደ አጠለቀች በር ላይ ወጥታ ስትጮህ በዚያ ያለፈ የባጃጅ ሾፌር ነው ለእኛ የደወለው። ጋሼ ገና ሲሰማ ገባው። ፒካፑ ላይ ያገኘነውን ጀሪካን ሁሉ ጭነን አዴ ብርቄ ጋ ሄድን፤ ውኃ የነበረው እዚያ ነበር። እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ የሞላ የሞላውን እያቀበሉን ጫንን። ስንደርስ ሕፃኑ ተወልዷል። እናትየዋ ደም እየፈሰሳት ነበር፤ ተረፈች። ዕድል ነው።

አዋላጇ እጇን ስትታጠብ ጋሼ ነበር ውኃውን የሚያፈስላት። ቀና ብላ አየችውና፣

«ይህ ውኃ ከየት መጣ?» አለችው።

«ከታች፣ ከመስመሩ መጨረሻ።»

«እኛን አልፎ ነው የሄደው ማለት ነው?»

ጋሼ ጀሪካኑን እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ወይዘሮ ጫልቱ ቢሮ ገብቶ ቫልቩን ያጠበብኩት እኔ ነኝ ብሎ ነገራቸው። ተቀጣ። ቅጣቱን ሳይቃወም ፈረመ። ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። «መጨረሻውን ሳይ መሀሉ አመለጠኝ» ይል ነበር፤ መንገድ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ። «መለኪያ እንደ ባትሪ ነው ለሚ። ያበራህበትን ታያለህ፣ ሌላው የበለጠ ይጨልማል።»

የተሰበረ ሰው መስሎኝ ነበር። ግን ያስብ ነበር ለካ። አንድ ጠዋት አንድ ቤት ብርጭቆውን ጠጥቶ ሲመልስ፣ ድንገት ሴትየዋን «ከእናንተ የባሰበት ማን አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«እኛ ነን እንጂ!» አለች።

ማርቆስ ወጥተን ሳቀ። «ኦቦ ደረጀ፣ ይኼን ጠይቀው ማን ነው ጎረቤቴ የሚልዎት? ሁሉም እኔ ነኝ ነው የሚለው።»

«ይበሉ። የጠጣሁት ከቧንቧዋ ነው፤ ብርጭቆው እጇ ላይ ነው። ውኃ እያላት እኔ ነኝ ስትል ራሷም ትሰማዋለች።»

እውነትም ሴትየዋ ከኋላችን ወጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች «ወንድሜ፣ እንደው ለነገሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ያለው ቤት ከሰነበተ አላገኘም» አለች። ወደዚያ ሄድን። ዳገቱ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ ወደ አንድ ግቢ ላከን። እንዲህ እያልን ማንም ወደ ሌላ የማይልከን ቤት ስንደርስ አቆምን። የዚያን ቀን ሥራ ያለቀው እዚያ ነው። ካርታ ላይ ያልነበረ የተዘጋ መስመር ያገኘነው በዚህ ዓይነት ነው።

ወይዘሮ ጫልቱ ይህን ሰምተው አብረውን ወጡ፣ አዩ፣ ከዚያ ለሁሉም ቡድን አደረጉት። ከጠገናችሁ በኋላ ጠጡ፣ ጠይቁ፣ የተባላችሁበት ሂዱ። የመስመር ክፍፍሉንም ላላ አደረጉት፤ ጥያቄው ወደ ጎረቤት መስመር ከወሰደህ ትሄዳለህ። ነጥባችን ወረደ። የጥገናው ቁጥር ስላነሰ የበላይ አካል ጠርቶ ጠየቃቸው። ምን እንዳሉ አልነገሩንም። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ «ቀጥሉ» ብቻ አሉ።

ቀጠልን። ከዚያ ከተሞቹ ተጠቃለው አንድ ከተማ ሆኑ፣ የእኛ ከተማ ክፍለ ከተማ ተባለች። ሠራተኛው ተበተነ። ወይዘሮ ጫልቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፣ ጋሼና እኔም ተከተልናቸው። ማርቆስ የራሱን የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። የቀድሞ ቦታችን በአዳዲስ ሰዎች ተያዘ። ጋሼ ሐኪም ቤት ያን ጥያቄ ያነሳው ለዚህ ነው። እዚያ ተመልሶ ማየት ይፈልግ ነበር። «ጡረታ ስወጣ እንደ እንግዳ ሄጄ አያለሁ» ይል ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ እኔ ሄድኩ። ይህን ለማየት ብቻ አልነበረም። አዴ ብርቄ በዚያ ዕድሜያቸው ለቅሶ መጥተው ስለነበር ላመሰግናቸው ነው። ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስለ ጋሼ አወሩኝ፤ ብርጭቆ ሲለምን ሁልጊዜ አጥቦ ይመልስ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ይህን አላየሁም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ቱታ የለበሰች ወጣት ሴት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ የቧንቧ መፍቻ በትከሻዋ ላይ። ወንድ ባልደረባዋ ውጭ ቆሟል። አላውቃቸውም። እነሱም አያውቁኝም።

«አዴ፣ ጨርሰናል። አንዴ ይክፈቱልን?»

ቧንቧው ትፍ ትፍ አለ። ዝገቱ ወጣ፣ ባልዲው ውስጥ ገባ። ጠራ። ልጅቷ ብርጭቆ ለመነች። ሙሉውን ጠጣች፤ ከንፈሯን በክንዷ ጠረገች፤ ከዚያ፣

«ከእናንተ የባሰበት ማን አለ?» አለች።

አዴ ብርቄ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ይህንን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«የቱን?»

«መጠየቁን።»

ግራ ገባት። ወደ ውጭ ወዳለው ጓደኛዋ ዞር አለች፣ መልሱ እሱ ጋ ያለ ይመስል። «ማንም አላስተማረኝም። ስመጣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ምነው፣ ችግር አለው እንዴ?»

«የለውም» አልኩ።

አዴ ብርቄ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። ተዉት። ቆይተው «ከመስጊዱ ማዶ አዲስ የገቡ ሰዎች አሉ፣ አንዴ እዩዋቸው» አሏት። ልጅቷ ብርጭቆውን አጠበች፣ ደፍታ አስቀመጠችው፣ «ጋላቶሚ አዴ» ብላ አመስግና ወጣች። ጫማዋ መንገዱ ላይ ሲንቧጨቅ እስኪርቅ ድረስ ሰማሁት፣ አፌን ትንሽ ከፍቼ።

ልጅቷ የጋሼን ስም እንኳ አታውቀውም። መጀመሪያ ይህ ነበር ያመመኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ «አሠራሩ ነው፣ ጋሼ» ብያለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልክ የማወራ መስሎት መስኮቱን ዘጋልኝ።